ከክሽክሽ እስከ ንብ፦ በነፍሳት ገላ ውስጥ ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከጎንደር የደረሱን ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን፣ በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ፕሮፌሰር ናንሲ ሞራን፣ የሰብል ተባይ የሆነው ክሽክሽ በገላው ውስጥ ከሚያኖረው ባክቴሪያ ጋር ስላለው ቁርኝት ያካሄዱትን ጥናት አሳጥረን አስነብበን ነበር። ጽሑፉ ከጠበቅነው በላይ ጥያቄ አስነሥቷል። በተለይ ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ ወረዳዎች የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳዩን ከማሳ፣ ከጎተራና ከቀፎ ጋር እያያዙ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነኝ። ባክቴሪያ ሲባል የለመድነው ታይፎይድን፣ ኮሌራንና ሳንባ ነቀርሳን ነው። እናንተ ግን ክሽክሽ ያለ ባክቴሪያው፣ ባክቴሪያውም ያለ ክሽክሹ መኖር አይችሉም ብላችኋል። ይህ በምን ተረጋገጠ? ሁለቱ ይህን ያህል የተሳሰሩትስ ለምንድን ነው? (ከማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከክሽክሹ ምግብ መነሣት ይገባል። ክሽክሽ ቀጭንና ሹል የሆነ አፉን ወደ ተክሉ ሰርስሮ በማስገባት፣ ቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥርና ወደ ፍሬ ከሚያመላልሰው ቧንቧ ፈሳሽ ይመጥጣል። ፈሳሹ በስኳር የበለጸገ ነው፤ እንዲያውም ስኳሩ ከሚያስፈልገው በላይ ስለሚሆንበት ክሽክሹ ትርፉን በሚያጣብቅ ጠብታ መልክ ከኋላው ያስወጣዋል። ክሽክሽ የሰፈረበት የባቄላ ቅጠል እጅ የሚይዘውና ጉንዳን የሚሰበሰብበት በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ያለው ከፕሮቲን ላይ ነው። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው 20 አሚኖ አሲዶች መካከል እንስሳት ራሳቸው ሊሠሯቸው የማይችሉ፣ የግድ ከምግብ የሚያገኟቸው 10 ያህል አሉ፤ የተክሉ ፈሳሽ ደግሞ በእነዚህ እጅግ ድኃ ነው። ይሁን እንጂ ክሽክሽ ሌላ ምግብ ሳይቀምስ፣ ያለ ወንድ እየወለደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማሳ ይሸፍናል።

የጎደለውን የሚሞላለት በሆዱ ውስጥ፣ ባክቴሪዮሳይት በሚባሉ ትላልቅና ልዩ ሴሎች ውስጥ የሚኖር ቡክኔራ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው የተሰየመው በዘመናቸው ይህን ዓይነቱን ቁርኝት ከማንም በላይ ባጠኑት በጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ በፓውል ቡክነር (1886–1978) ስም ነው። ቡክኔራ የታጡትን አሚኖ አሲዶች ይሠራል፤ ክሽክሹም በበኩሉ መጠለያና ስኳር፣ እንዲሁም ባክቴሪያው ራሱ መሥራት የተሳነውን ሌሎቹን አሚኖ አሲዶች ይሰጠዋል። እናቲቱ ባክቴሪያውን የምታስተላልፈው ገና በሆዷ ውስጥ ላሉት ጽንሶች ስለሆነ፣ አንድ ክሽክሽ ሲወለድ ቡክኔራውን ይዞ ይወለዳል እንጂ ከአፈር ወይም ከቅጠል አይለቅመውም።

ይህ በምን ተረጋገጠ ለሚለው፣ ቀላሉ ማስረጃ ባክቴሪያውን ማጥፋት ነው። ተመራማሪዎች ክሽክሽን ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ሲሰጡት እድገቱ ይቀጭጫል፤ ብዙውን ጊዜም ይመክናል። ከዚህ የረቀቀው ግን ሞራን ከባክቴሪያ ተመራማሪው ከፖል ባውማንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያካሄዱት ሥራ ነው። የተለያዩ የክሽክሽ ዝርያዎችን የዘር ሐረግ በአንድ ወገን፣ በውስጣቸው የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች የዘር ሐረግ በሌላ ወገን ሠርተው ቢያስተያዩ፣ ሁለቱ ሐረጎች ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ገጠሙ። ይህ ሊሆን የሚችለው ባክቴሪያው ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ሳይዘል ከእናት ወደ ልጅ ብቻ እየተላለፈ ከመጣ ነው። የክሽክሾችን ቅሪተ አካል መነሻ አድርገው ባወጡት ስሌት መሠረትም ጉድኝቱ የተጀመረው ከዛሬ 160 እስከ 280 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ለምን ተሳሰሩ የሚለው የጥያቄው ክፍል ወደ ጂኖም፣ ማለትም የአንድ ፍጥረት ጂኖች በሙሉ ወደተጻፉበት ዘረመል ይወስደናል። በ2000 የጃፓን ተመራማሪዎች በአተር ክሽክሽ ውስጥ የሚኖረውን የቡክኔራን ሙሉ ጂኖም አንብበው ሲያሳትሙ ርዝመቱ 640,681 የዘረመል ፊደላት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቅርብ ዘመዱ የሆነውና በሰው አንጀት የሚኖረው ኢ ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ቡክኔራ የሴሉን ሽፋን የሚገነባባቸውን፣ የተበላሸ ዘረመል የሚጠግንባቸውንና የአካባቢ ለውጥን የሚቋቋምባቸውን ጂኖች አብዛኛዎቹን አጥቷል። ለክሽክሹ የሚያስፈልጉትን አሚኖ አሲዶች የሚሠሩት ጂኖች ግን በቦታቸው አሉ፤ ባክቴሪያው ለራሱ የሚሆነውን ጥሎ ለአስጠጊው የሚሆነውን ይዞ ቀርቷል ማለት ነው።

ሞራን በ1996 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህን መመናመን ምክንያት አብራርተዋል። ከእናት ወደ እያንዳንዱ ልጅ የሚተላለፉት ባክቴሪያዎች ቁጥር ጥቂት ነው፤ በሴል ውስጥ ተዘግተው ስለሚኖሩም ከውጭ ባክቴሪያ ጋር ጂን አይለዋወጡም። ስለዚህ የሚያስከትሉት ጉዳት አነስተኛ የሆነ የዘረመል ስህተቶች በተፈጥሮ ምርጫ ተጠርገው ሳይወጡ ይከማቻሉ። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም፤ ቁም ጸሐፊ የሚያመሳክርበት ሌላ ቅጂ አጥቶ ከአንድ ብራና ብቻ ሲገለብጥ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ የዘለለው ቃል ከሁለተኛው እጅ ተመልሶ አይገኝም፤ ሁለተኛው ደግሞ የራሱን ግድፈት ይጨምርበታል። ቡክኔራ የሚመሳከርበት ሌላ ቅጂ የለውም።

የዚህ ስስነት ዋጋ እስከ ምን እንደሚደርስ ያሳየው በ2007 ከሞራን ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ነው። ከቡክኔራ ጂኖች በአንዱ፣ ሙቀትን ለመቋቋም የሚረዳ ፕሮቲን በሚያዝዘው ክፍል አጠገብ፣ አንዲት የዘረመል ፊደል ብቻ ስትጎድል ክሽክሹ በሙሉ ሙቀት የሚፈራ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ የተሸከሙ ክሽክሾች በልጅነታቸው ለአራት ሰዓት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ቢያገኛቸው ከዚያ በኋላ ወይ አይወልዱም ወይ በጣም ጥቂት ይወልዳሉ። በቀዝቃዛ አየር ግን ያቺ ጉድለት ያለችባቸው ከሌሎቹ ቀድመው ይወልዳሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ዓይነቶች በማሳ ላይ ይገኛሉ። በ2015 ሞራንና አንድ ባልደረባቸው ሙቀት የማይችለውን ቡክኔራ በሙቀት ገድለው፣ ሙቀት የሚችለውን ከሌላ ክሽክሽ ወስደው በመርፌ ተኩበት። የተቀበሉት ክሽክሾችም ሆኑ ልጆቻቸው ሙቀትን መቋቋም ቻሉ። ለኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ አሳማኙ ይህ ነው፤ የአንድን እንስሳ ጠባይ የእንስሳውን ጂን ሳይነኩ መለወጥ እንደሚቻል በግልጽ ያሳያልና።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ዓይነቱን ቁርኝት የወዳጅነት ምሳሌ አድርጎ ማቅረብ በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደ ነው። ማስረጃው የሚያሳየው ግን ሁለቱም ወገኖች ብቻቸውን የመኖር ችሎታቸውን እያጡ፣ መውጫ ወደሌለው ጥገኝነት መግባታቸውን ነው።

ጥያቄ፦ በዳባት ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነኝ። አርሶ አደሮቻችን በአተርና በባቄላ ላይ የሚወርደውን ክሽክሽ በኬሚካል ይረጫሉ፤ ተባዩ ግን ተመልሶ ይመጣል። ባክቴሪያው ከኬሚካሉ ይጠብቀዋል ማለት ነው? ባክቴሪያውን ገድሎ ክሽክሹን ማጥፋትስ አይቻልም? (ከዳባት)

መልስ፦ ከቡክኔራ ሌላ፣ አንዳንድ ክሽክሾች ብቻ የሚይዟቸው ተጨማሪ ባክቴሪያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሐሚልቶኔላ ይባላል። ሞራንና ባልደረቦቻቸው በ2003 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ይህ ባክቴሪያ የሚጠብቀው ከኬሚካል ሳይሆን ከጥገኛ ተርቦች ነው። ጥገኛ ተርብ ስንል የምትናደፈዋን ትልቋን ተርብ ማለታችን አይደለም፤ ከክሽክሹ ራሱ የማትበልጥ፣ እንቁላሏን በክሽክሹ ገላ ውስጥ የምትጥል ደቃቃ ፍጥረት ናት። የተርቧ እጭ ከእንቁላሉ ወጥቶ ክሽክሹን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ሐሚልቶኔላ ባለበት ክሽክሽ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ እጩ ሳያድግ ይሞታል። ጉዳዩ በዚህም አያበቃም፤ እጩን የሚገድለው መርዝ የሚመጣው ባክቴሪያው ከተሸከመው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ከጠፋ ጥበቃውም ይጠፋል። ይህ በ2009 ተረጋግጧል። ተርብ በሌለበት ቦታ ደግሞ ሐሚልቶኔላ የያዙት ክሽክሾች ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ባክቴሪያውን መሸከም የራሱ ወጪ አለውና።

ኬሚካልን በተመለከተ፣ በክሽክሽ ዘንድ መድኃኒት መልመድ በዋናነት የሚመጣው ከነፍሳቱ ከራሱ የጂን ለውጥ ነው። ሆኖም ጥርጣሬዎ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በጃፓን በ2012 የታተመ ጥናት የባቄላ ዘር ባላቸው ሰብሎች ላይ ስለሚኖር ሌላ መጣጭ ተባይ እንዳስረዳው፣ ያ ተባይ አጋር ባክቴሪያውን በየትውልዱ ከአፈር ይወስዳል። ፌኒትሮቲዮን የተባለው ፀረ ተባይ በተደጋጋሚ በተረጨበት አፈር ውስጥ ኬሚካሉን ሰባብረው የሚመገቡ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፤ ተባዩ እነዚህን ሲውጥ ኬሚካሉን በዚያው ዕድሜው መቋቋም ይጀምራል። የነፍሳቱ ጂን እስኪለወጥ መጠበቅ አላስፈለገም።

ባክቴሪያውን በመድኃኒት መግደል በቤተ ሙከራ ይቻላል፤ በማሳ ግን ፈጽሞ አይመከርም። ለሰውና ለከብት ሕክምና የምንጠቀምበትን መድኃኒት በማሳ መርጨት፣ መድኃኒቱን የለመዱ በሽታ አምጪዎችን ማራባት ይሆናል። ይልቅስ ከመርጨት በፊት ቅጠሉን ገልብጠው እንዲያዩ አርሶ አደሮቹን ይምከሩ። የተነፉ፣ የደረቁና ቡናማ መልክ የያዙ ክሽክሾች ከቅጠሉ ላይ ተጣብቀው ከታዩ ጥገኛ ተርቦች ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛና እጮቿም ካሉ እንዲሁ። በዚያን ሰዓት የሚረጭ ኬሚካል ከክሽክሹ ይልቅ የክሽክሹን ጠላቶች ይጨርሳል። ክሽክሹ በፍጥነት ስለሚራባ ማሳውን መልሶ ይይዘዋል፤ ተርቦቹ ግን እስኪመለሱ ጊዜ ይወስዳሉ። በወረዳችሁ ተባዩ እየተመለሰ የሚያስቸግረው በዚህ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ጽሑፋችሁን አንብባልኝ ነቀዝም እንዲሁ ባክቴሪያ አለው ብላኛለች። በየዓመቱ በጎተራና በማዳበሪያ የማስቀምጠው በቆሎና ስንዴ ይነቅዝብኛል። የነቀዘውን አበጥሬና አጥቤ ባስፈጨው ባክቴሪያው ቤተሰቤን ይጎዳል? (ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ እውነቷን ነው። የበቆሎና የስንዴ ነቀዝ ሶዳሊስ የሚባል ባክቴሪያ በሴሎቹ ውስጥ ይዞ ይኖራል። ይህ ባክቴሪያ የሚኖረው በነቀዙ ገላ ውስጥ ነው እንጂ በሰው ላይ በሽታ በማምጣት የሚታወቅ ስላልሆነ በእርሱ አይሥጉ።

የነቀዙ ባክቴሪያ ሥራ ግን ሊነገር የሚገባው ነው። ነቀዝ በፍሬው ውስጥ አድጎ ሲወጣ ቆዳው ገና ለስላሳና ገርጣ ያለ ነው፤ ከቀናት በኋላ ይጠነክራል፣ ይጠቁራል። ለዚህ ማጠንከሪያ የሚሆኑትን ሁለት አሚኖ አሲዶች በብዛት የሚያቀርብለት ባክቴሪያው ስለሆነ፣ ነቀዙ ቆዳውን በሚሠራበት ሰሞን የባክቴሪያው ቁጥር በጣም ይጨምራል። ቆዳው ጠንክሮ ካበቃ በኋላ ነቀዙ በአንጀቱ አካባቢ ያሉትን ባክቴሪያዎች አፍርሶ ይጨርሳቸዋል፤ በእንስቶቹ እንቁላል ማፍሪያ ውስጥ ያሉት ብቻ ለሚቀጥለው ትውልድ ይቀራሉ። ይህን በ2014 ያሳተሙት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው። ከቡክኔራ ጋር ሲነጻጸር ይህ ቁርኝት በጣም አዲስ ነው፤ በአሥር ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የሚለካ ነው እንጂ በሚሊዮኖች አይደለም። ባክቴሪያ የሌለው ነቀዝም በቤተ ሙከራ መኖር ይችላል፤ ቆዳው የሳሳ፣ እድገቱ የዘገየ፣ የሚጥለው እንቁላል ያነሰ ይሆናል እንጂ።

በነቀዘ እህል የሚያሠጋው ሌላ ነው። ነቀዝ ሲተነፍስ እህሉን ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋል፤ የረጠበ እህል ይሻግታል። ከሻጋታዎች አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመርታሉ፤ ይህ መርዝ በማጠብም ሆነ በመጋገር በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ የተቦረቦረ ብቻ የሆነውን እህል አበጥሮ መጠቀም ይቻላል፤ የሻገተውንና ሽታው የተለወጠውን ግን ለሰውም ለዶሮም አይስጡት። ለወደፊቱ እህሉን በደንብ አድርቀው አየር በማያስገባ ከረጢት ቢያስሩት፣ በውስጡ ያለው ነቀዝ ኦክስጅኑን ተንፍሶ ሲጨርሰው ይሞታል። በየገበያው የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን በመኖሪያ ቤት ውስጥ አይጠቀሙ፤ እርጥበት ሲያገኘው የሚያወጣው ጋዝ የተኛ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ በመተማ የጤና ባለሙያ ነኝ። በባክቴሪያ አማካይነት ትንኝን መቆጣጠር ተቻለ ሲባል ሰምቻለሁ። ለወባ ይሠራል? (ከመተማ)

መልስ፦ የሰሙት ዎልባኪያ ስለሚባለው ባክቴሪያ ነው። በ1924 በትንኝ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታየ ወዲህ እጅግ ብዙ በሆኑ የነፍሳት ዝርያዎች ውስጥ ተገኝቷል። ዴንጌ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ በተፈጥሮ ዎልባኪያ የላትም፤ በቤተ ሙከራ ሲሰጧት ግን የዴንጌ ቫይረስ በገላዋ ውስጥ እንደልቡ አይራባም። በኢንዶኔዥያ በዮግያካርታ ከተማ በተደረገውና በ2021 በታተመው ሙከራ እንዲህ ያሉ ትንኞች በተለቀቁባቸው ሰፈሮች የዴንጌ ሕመምተኞች ቁጥር በ77 በመቶ ቀንሷል። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ሌላ ናት፤ ይህ ዘዴ ለእርሷ በሥራ ላይ አልዋለም፤ አጎበሩንና ቤት ለቤት የሚረጨውን መድኃኒት አይተካም። ለእርስዎ አካባቢ የሚቀርበው የዎልባኪያ ጉዳይ ምናልባት ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለው፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን ሊያሳውር የሚችለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትል ራሱ ዎልባኪያን በገላው ይዞ ይኖራል፤ ሕመምተኛው ለሳምንታት ዶክሲሳይክሊን ሲወስድ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ባክቴሪያውን ያጣችው እንስት ትልም ትመክናለች።

ጥያቄ፦ ንብ አናቢ ነኝ። ንቦቼ እንዳይታመሙ ቴትራሳይክሊን በስኳር ውኃ በጥብጬ እንድሰጣቸው የመከሩኝ አሉ። ጥሩ ነው? (ከጭልጋ)

መልስ፦ ባለሙያ በሽታውን ለይቶ ካላዘዘ በቀር አይስጡ። በንብ አንጀት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በዓይነት ጥቂት ናቸው፤ ከሌላ ነፍሳትም የተለዩ የራሷ ናቸው። ከሰፈፉ ገና የወጣች ንብ አንጀቷ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ባክቴሪያዎቹን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእኅቶቿ ጋር ስትኖር ታገኛለች። ምግብ በማላምና ከበሽታ በመከላከል ይረዷታል። የሞራን ቤተ ሙከራ በ2017 ባሳተመው ጥናት ቴትራሳይክሊን የተሰጣቸው ንቦች ወደ ቀፎ ሲመለሱ፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ መድኃኒቱ የአንጀታቸውን ባክቴሪያ አመናምኖ ለሌላ ተሕዋስ አጋልጧቸዋልና።

ስላልጠየቁት ነገር ላንሣ፤ በቆላው ወገን ሰሊጥና ማሽላ በሚዘራበት አካባቢ አረም ማጥፊያ እየተለመደ ነው። ግላይፎሴት የተባለው አረም ማጥፊያ የሚያጠቃው ተክሎች ያላቸውን፣ እንስሳት ግን የሌላቸውን ኢንዛይም ስለሆነ ንብን አይነካም ይባል ነበር። ነገር ግን ያንኑ ኢንዛይም የንብ አንጀት ባክቴሪያዎችም አላቸው። ከዚያው ቤተ ሙከራ በ2018 የወጣው ጥናት እንዳሳየው ኬሚካሉን የቀመሱ ንቦች ጠቃሚ ባክቴሪያቸው ይቀንሳል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስ ሲያገኛቸውም ከሌሎቹ በበለጠ ይሞታሉ። ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር ተነጋግረው፣ አበባ ላይ በሆነ አረም እንዳይረጩ ወይም ንብ በማይወጣበት በማታ እንዲረጩ ቢያደርጉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነፍሳት ባክቴሪያ ያስፈልጋቸዋል? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ አያስፈልጋቸውም፣ ተማሪያችን። በ2017 የታተመ ጥናት ከዱር የተሰበሰቡ 124 የአባጨጓሬ ዝርያዎችን መርምሮ፣ በአንጀታቸው ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂትና በአብዛኛው ከበሉት ቅጠል ጋር የገባ እንጂ ነዋሪ እንዳልሆነ አሳይቷል። የትምባሆ ቅጠል የሚበላ አንድ አባጨጓሬ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ቢሰጠውም እድገቱ አልቀነሰም። ቁርኝቱ የጠበቀው በአብዛኛው ምግባቸው አንድ ወገን ብቻ በሆነ ነፍሳት ዘንድ ነው፤ የተክል ፈሳሽ ብቻ የሚመጥጠው ክሽክሽ አሚኖ አሲድ ያጣል፤ ደም ብቻ የሚመጥጡት ቅማል፣ ትኋንና የገንዲን በሽታ የምታስተላልፈው የቆላ ዝንብ ደግሞ ቢ የተባሉትን ቫይታሚኖች ያጣሉ፤ ሁሉም የጎደላቸውን የሚያገኙት ከየራሳቸው ባክቴሪያ ነው።